ጉልበቷን የሚያማት እናቴ የበርክ ሌክን ዙሪያ ትችለዋለች?

ባለ ሁለት ልጅ፣ ስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ ከጎንደር ከመጣች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። 67 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። አፓርታማ ውስጥ ተቀምጣ በመስኮት የመኪና ማቆሚያ ስታይ መዋሏ አንጀቴን በላው። ባለፈው «እዚህ አገር መሬት የሚረገጠው የት ነው?» አለችኝ። እሁድ ለት በርክ ሌክ፣ እዚህ ሐይቅ ያለበት ፓርክ ወሰድኳት፤ ደስ አላት፣ ግን ልጆቹም ስላስቸገሩ ከአግዳሚ ወንበሩ አላለፍንም።

ዙሪያው 4.7 ማይል ነው አሉ፣ ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። ትችለዋለች? ትንሿ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ስትሮለር (የልጅ ጋሪ) ይሄድበታል? ደግሞ ፍልሰታ ስለሆነ እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አትቀምስም፤ ስንት ሰዓት ብንሄድ ይሻላል? ውሻም በጣም ትፈራለች። የምታውቁ ንገሩኝ።

የቅዳሜ ሯጭ

እንኳን እናትሽ በሰላም መጡልሽ። እኔ በየሳምንቱ የምሮጥበት ነው። መንገዱ ከሞላ ጎደል ሜዳ ነው፤ አብዛኛው ጠጠርና የተጠቀጠቀ አፈር፣ አልፎ አልፎ የዛፍ ሥር ብቅ ያለበት አለ። ጎማው ትልልቅ የሆነ ስትሮለር ያለ ችግር ይሄዳል። ያቺ ተጣጥፋ አውሮፕላን ውስጥ የምትገባዋ ግን ልጅቷንም አንቺንም ታንገጫግጫችኋለች።

ዙሪያውን ግን ለአሁኑ ተዪው። ርቀቱ አይደለም ክፋቱ፣ አቋራጭ የለውም። ውኃው መሃል ነው፣ መንገዱ ዳር ዳሩን ነው የሚዞረው፤ ግማሽ ላይ ጉልበታቸው እምቢ ቢል ወደፊትም ወደኋላም ያው ነው። እኔ አማቴን ይዤ የሄድኩ ጊዜ ጀልባ ከሚከራይበት ተነሣን፣ ሰዓቴን አየሁ፣ ልክ 20 ደቂቃ ሲሞላ አዞርኳቸው። «ምነው ገና ምኑ ተነካና!» ብለው ተቆጡኝ። ስንመለስ ግን ሁለቴ ቁጭ ብለው አረፉ። ስለዚህ በማይል ሳይሆን በሰዓት ቁጠሪ፣ «ገና ነኝ» እያሉ ሳለ መልሻቸው። ከዚያ በሳምንት አምስት አምስት ደቂቃ ጨምሪ።

ውሻ በገመድ ካልተያዘ አይፈቀድም። ባለቤቶቹ «አይነክስም» ማለት ይወዳሉ። አንቺ ቀድመሽ እጅሽን አንሥተሽ «እናቴ ትፈራለች» በያቸው፤ ገመዱን ሰብስበው ዳር ይቆማሉ። ዳሩን ለእናትሽ ስጪ፣ አንቺ በመሃል ሁኚ።

ነርሷ

ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እማማ የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ? የኦገስት ሙቀት እዚህ ከነወበቁ ነው፤ የጎንደር አየር አይደለም። ላብ ወጥቶ አይደርቅም፣ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ሽንት የሚያበዛ የግፊት ክኒን የሚውጥ ሰው ውኃ ሳይጠጣ በዚህ ሙቀት ሲሄድ ቶሎ ያዞረዋል። ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ የስኳር ክኒን የሚወስድ ደግሞ በባዶ ሆድ ሲራመድ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። «ደህና ነኝ» ቢሉሽም አትመኚ፤ የእኛ እናቶች እስኪወድቁ ደህና ናቸው።

እኔ ብሆን ከቅዳሴ ተመልሰው፣ በልተው ጠጥተው፣ ትንሽ ጋደም ካሉ በኋላ ማታ 12 ተኩል ላይ እወስዳቸዋለሁ። ውኃና ትንሽ ጣፋጭ ነገር ያዢ።

ባለ ሁለት ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። የግፊት ክኒን አላት፣ ስኳር የለባትም። የክኒኑን ዓይነት ዛሬ አየዋለሁ። ይቅርታ፣ ማታ 12 ተኩል ያልሽው በእኛ ነው በፈረንጅ?

ነርሷ

ሃሃ፣ በእኛ! በፈረንጅ 6፡30 ማለቴ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ እማማን ጫካ ውስጥ አታስገቢብኝ።

የቅዳሜ ሯጭ

ፓርኩ ሲመሽ ይዘጋል። አሁን ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ የዛፉ ጥላ ግን ቀድሞ ያጨልመዋል። መጸዳጃ ቤቱን ከመነሣታችሁ በፊት ተጠቀሙ፣ ከወዲያ ማዶ እሱን ተስፋ አታድርጉ።

ሜትሮ አልባው

ለምን አኮቲንክ ሐይቅ አትወስጃቸውም? ለስፕሪንግፊልድ እሱ አይቀርብም? እሱም ግድብ ነው፣ ውኃው ሲፈስ ያያሉ። ኦኮኳን የሚባል ግድብም አለ፣ ፋውንቴንሄድ በሚባለው ፓርክ በኩል፤ እሱ እውነተኛ ገጠር ነው።

ዓሣ አጥማጁ

አኮቲንክ ይሁን፣ ደህና ነው፤ ግን ደለል በልቶታል፣ ጥልቀት የለውም። ፋውንቴንሄድን ለጉልበት ሕመምተኛ መምከር ግን ምን ይባላል ወንድሜ? ዳገትና ቁልቁለት፣ ድንጋይና ሥር ነው። እኔ በ40 ዓመቴ ተንበርክኬ የወጣሁት አለ።

በርክ ይሻላል። ግን ማንም ያላነሣውን ላንሣ፤ የመንገዱ ዳር ቅጠል። ፖይዝን አይቪ የሚባል አለ፣ ሦስት ሦስት ቅጠል ሆኖ ይበቅላል፣ መሃለኛው ቅጠል ከሁለቱ ረዘም ያለ ዘንግ አለው፤ መሬት ላይም ይሳባል፣ ዛፍ ላይም ይወጣል። እናቴ የመጣች ጊዜ አንዱን ጎንበስ ብላ በጣቷ ዳበስ አድርጋ «ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። ሳማ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ታውቀው ነበር። ይሄ ግን ምንም አይልም፤ በማግስቱ ነው እጇ ላይ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ የወጣው፣ ያሳክካታል፣ ሌሊት አልተኛችም። ቅጠሉ ላይ ያለው ዘይት ነገር ነው ጉዱ። የነካ ሰው ቶሎ በሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠብ፤ ልብሱም ይታጠብ፣ ዘይቱ ልብስና ጫማ ላይ ይቆያል። እናቶቻችን ቅጠል ሳይነኩ ማለፍ አይችሉም፣ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ሁለተኛው መዥገር ነው። ከብት ላይ የምናውቀው ሳይሆን የሰሊጥ ፍሬ የምታክል። አጋዘን ባለበት ሁሉ አለ፣ አንዳንዱም «ላይም» (Lyme) የሚባል በሽታ ያመጣል። ቤት ስትገቡ የልጆቹን ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ ከጉልበት ኋላ እዪ። ከተገኘ በወረንጦ ቆዳው ድረስ ዝቅ ብለሽ ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢ። ቫዝሊን መቀባት፣ በክብሪት መለብለብ የለም። ብዙውን ጊዜ በሽታውን ለማስተላለፍ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቆ መቆየት አለበት፤ ስለዚህ በዕለቱ መፈተሽ ነው ዋናው። በሚቀጥለው አንድ ወር ውስጥ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ዘንድ።

ታላቁ ልጅሽ ዓሣ መጣል ከወደደ ከ16 ዓመት በታች ላለ ፈቃድ አያስፈልግም። አንቺ ዘንጉን ከያዝሽ ግን ያስፈልግሻል። መዋኘት ክልክል ነው።

ጡረተኛው

ልጄ፣ መኪናሽ ፓርኩ ያለበት የፌርፋክስ ካውንቲ (የወረዳው) ከሆነ መግቢያ አትከፍይም። ከካውንቲው ውጭ የሚመጣ ግን በሞቃቱ ወራት ቅዳሜና እሁድ፣ በበዓልም ቀን ይከፍላል። ከሜሪላንድ ዘመድ ቢመጣ በአንቺ መኪና ይግባ።

ለእናትሽ የምትነግሪው ወግ ልስጥሽ። በፈረንጅ 1951 መንግሥት ለዋሽንግተን ሁለተኛ አየር ማረፊያ የሚሠራው እዚያው በርክ ነው ብሎ ከሰዉ ብዙ መሬት ወስዶ ነበር። ሕዝቡ ዓመታት ተሟገተ፣ በ1958 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ቦታውን ወደ ሻንቲሊ አዞሩት፤ ዛሬ ደለስ የምንለው እሱ ነው። ከተወሰደው መሬት ከፊሉ ነው ፓርክ የሆነው፣ ወንዙም ተገድቦ ሐይቁ ተፈጠረ። ያ ባይሆን እናትሽ በኢትዮጵያ አየር መንገድ መጥተው የሚያርፉት ያ ዝይ የሚዋኝበት ቦታ ላይ ነበር።

ባለ ሁለት ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐሙስ ማታ ሄድን። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከታች የወንድሜን ስኒከር አድርጋ። 20 ደቂቃ ሄደን አዞርኳት፤ ልክ እንደተባለው ተቆጣች፣ ስንመለስም ልክ እንደተባለው ተቀመጠች። ሁለት ውሻ አለፈን፣ ሁለቱም ጊዜ ክንዴን ጨምድዳ «በስመ አብ» አለች። ቅጠል አልነካችም፣ ግን ሦስት ቅጠል ያለውን ሁሉ በጣቷ እየጠቆመች «ይሄ ነው? ይሄስ?» ስትለኝ ነው ያመሸችው። ልጆቹን ፈትሻለሁ፣ መዥገር የለም።

ጋሼ፣ የአየር ማረፊያውን ነገርኳት፣ ብዙም አልገረማት። እሷን የያዛት ሌላ ነው። ወንበሩ ላይ ሆና ውኃውን ዝም ብላ አየችውና «ይሄን ሁሉ ማን ይጠጣዋል?» አለች። እኛ ከአንገረብ ግድብ የምንጠጣ ሰዎች ነን፤ እሱም በደለል እየሞላ ሲያስቸግር ያየች ናት። ምን ልበላት?

ጡረተኛው

ማንም አይጠጣውም ልጄ። ለሽርሽርና ለዓሣ ነው። የፌርፋክስ የመጠጥ ውኃ የሚመጣው ከፖቶማክ ወንዝና ከኦኮኳን ግድብ ነው።

ባለ ሁለት ልጅ

ነገርኳት። «ለዓሣ!» ብላ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ነገ 25 ደቂቃ ነው ያልሽው፣ 12 ተኩል ላይ ልጆቹን አልብሺያቸው» አለችኝ።