የዳቦ ሻጋታ ጥቁር ራሶች የፈንገስ ጾታዊ መራቢያ ናቸው?

ጥያቄ (ከአዘዞ፣ ጎንደር)፦
ጤና ይስጥልኝ። በክረምቱ እርጥበት የሻገተ የድፎ ዳቦ ቁራሽ በማይክሮስኮፕ ስመለከት፣ በቀጫጭን ክሮች ጫፍ ላይ የቆሙ ጥቁር ድቡልቡል ራሶችንና ከውስጣቸው የሚበተኑ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ስፖሮችን (የፈንገስ መራቢያ ቅንጣቶችን) አየሁ። የፈንገስን ጾታዊ ተዋልዶ ለማስተማር ይህንኑ ለተማሪዎቼ ባሳይ ትክክል ይሆናል?

መልስ 1፦
አይሆንም፣ መምህር። ያዩት ስፖራንጅየም፣ ማለትም ስፖር የሚይዝ ከረጢት ነው፤ በውስጡ ያሉት ስፖሮች ያለ ምንም ጾታዊ ውህደት የተገኙ ስለሆኑ በዘር ከወላጃቸው አይለዩም። የዚሁ ሻጋታ፣ የራይዞፐስ፣ ጾታዊ መራቢያ ዛይጎስፖራንጅየም ይባላል። እሱ እንዲፈጠር «ፕላስ» እና «ማይነስ» የተባሉ ሁለት የተለያዩ ዘሮች (የዚሁ ሻጋታ ተጣማጅ ዓይነቶች) መገናኘት አለባቸው፤ ይህንንም አሜሪካዊው ተመራማሪ አልበርት ብሌክስሊ እ.ኤ.አ. በ1904 አሳይቷል። ክሮቻቸው ሲቀራረቡ ጫፎቹ ያብጣሉ፣ ያበጠው ክፍል ከቀሪው ክር በግድግዳ ይለያል፣ ከዚያም ሁለቱ ተዋህደው ወፍራምና ሻካራ ጥቁር ቅርፊት ያለው አንድ አካል ይሆናሉ። በአንድ ቁራሽ ዳቦ ላይ ያደገው አንዱ ዘር ብቻ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ቢጠብቁ አያገኙትም።

መልስ 2፦
ወቅቱ ክረምት ስለሆነ እንጉዳይ ይቀልዎታል፤ ከመሬት በላይ የምናየው አካል በሙሉ የቆመው ለጾታዊ ተዋልዶ ነውና። ከጃንጥላው ሥር ከተደረደሩት ስስ ንጣፎች አንዱን በምላጭ በጣም አሳስተው ይቁረጡ፤ በውኃ ጠብታ ላይ አኑረው ጠርዙን በ400 እጥፍ አጉልተው ይመልከቱ። ዱላ የሚመስሉ ባዚዲየሞችን (ስፖር የሚያፈሩ ሕዋሶችን) ያያሉ፤ በአብዛኛው በእያንዳንዱ አናት ላይ አራት ጥቃቅን ቀንዶች፣ በየቀንዱም ጫፍ አንድ ስፖር አለ። ኒውክለሶቹ (ዘረ መል የያዙት የሕዋስ እምብርቶች) የሚዋሃዱትም ሆነ ሚዮሲስ (የዘረ መሉን መጠን በግማሽ የሚቀንሰው የሕዋስ ክፍፍል) የሚካሄደው እዚያው ባዚዲየሙ ውስጥ ነው። (በገበያ የሚሸጠው ነጩ እንጉዳይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ስፖር ብቻ ስለሚይዝ ተማሪ ያደናግራል።) ከዱር የተለቀመውን ማንም እንዳይቀምስ አደራ።

መልስ 3 (ከዳባት)፦
ከገበሬ ቤት ለመጡ ተማሪዎች የስንዴ ግንድ ዋግን (ስንዴን የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ) ቢያነሱላቸው ቶሎ ይገባቸዋል። ስንዴው ሳይደርስ የሚታየው ቀይ ቡናማ ዱቄት ጾታዊ አይደለም። አዝመራው ሲቃረብ አገዳውን የሚያጠቁረው ግን ባለ ሁለት ሕዋሱ ቴልዮስፖር ነው፤ ኒውክለሶቹም የሚዋሃዱት በእሱ ውስጥ ነው። ቴልዮስፖሩ ሲበቅል የሚያወጣው ባዚዲየም የሚያፈራቸው ስፖሮች ደግሞ ስንዴን ፈጽሞ አያጠቁም፤ የሚያርፉት ባርበሪ በተባለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ላይ ነው፣ አዲስ የዘር ቅይጥ የሚጀመረውም በዚያው ቅጠል ላይ ነው።