የቁርጭምጭሚት አጥንቴ «ሞቷል» ተባልኩ፤ ፊውዥን የተሠራለት ሰው አለ?

ሸማኔው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሽሮ ሜዳ ሽመና ነው የምሠራው። አምና ከሞተር ወድቄ ቀኝ እግሬ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተሰበረ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የሄድኩት ወጌሻ ጋ ነው። አሽቶ አሰረልኝ። እብጠቱ ሲብስብኝ በሳምንቱ ሆስፒታል ገባሁና በሁለት ብሎን ጠገኑልኝ። ጄሶው ሲወጣ ደህና ነበርኩ። አሁን ግን ዳገቱ ይቅርና ሽንት ቤት ቁጢጥ ስል እንባዬ ይመጣል።

ሐኪሙ ሲቲ ስካኑን አይቶ ታለስ የሚባለው የቁርጭምጭሚት አጥንት ደም አጥቶ ሞቷል፣ ከላይ በኩልም መደርመስ ጀምሯል አለኝ። መገጣጠሚያውን በብረት አንድ እናድርገው፣ ፊውዥን ይባላል አለ። የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ አጥንቱን በመሰርሰር ብቻ ይድናል የሚል ጽሑፍ አነበበልኝ። የቱን ልመን? ቁርጭምጭሚቴ ካልታጠፈስ መርገጫውን በምን ልረግጥ ነው?

ፊዚዮዋ፦
ወንድሜ፣ ሁለቱም እውነት ነው፤ የሚለያየው ጊዜው ነው። ታለስ ላይ የሚያያዝ ጡንቻ የለም፣ ከግማሽ በላዩም በልም አጥንት የተሸፈነ ነው። ስለዚህ ደም የሚገባባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። የአጥንቱ አንገት፣ ማለትም ቀጠን ያለው ክፍሉ፣ ሲሰበር ደም ሥሮቹም ይበጠሳሉ። ወጌሻውን ብቻ አትውቀስ፣ ማሸቱ ባይጠቅምህም።

መሰርሰር የሚረዳው አጥንቱ ቅርጹን ሳያጣ ነው። ውስጡ ያለውን ግፊት ያቀላል፣ ለአዲስ ደም ሥር መንገድ ይከፍታል። የተደረመሰውን ግን መልሶ አያነሳም። ሐኪምህን አንድ ነገር ጠይቀው፦ የሚዘጋው የላይኛው መገጣጠሚያ ብቻ ነው ወይስ ከሥሩ ከተረከዝ አጥንት ጋር ያለውም? ለአንተ ሥራ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ባለሚኒባሱ፦
እኔ ሁለቱም ተዘግተውብኛል፣ ያውም ቀኝ እግሬ። በተረከዜ በኩል ዘንግ አስገቡ፣ ከዳሌዬ አጥንት ወስደው ሞሉበት። ብታምንም ባታምንም የዳሌው ቁስል ከእግሩ በላይ ነው ያሰቃየኝ። 3 ወር በክራንች፣ መሬት ሳልረግጥ። ሲጋራ ካላቆምክ አጥንቱ አይያያዝም ብለው ስላስፈራሩኝ እሱንም ተውኩ። የምታጨስ ከሆነ ከአሁኑ ጀምር።

ያ ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ሕመም ሄዷል። ሜዳ ላይ ማንከሴን ሰው ልብ አይልም። ኮብልስቶንና ቁልቁለት ግን አሁንም ጠላቶቼ ናቸው። ቁጢጥ ማለት ቀርቷል፣ ቤት ውስጥ መቀመጫ አሠርቻለሁ። ፍሬን የምረግጠው ከጉልበቴ ነው፤ ሐኪሙ ሳይፈቅድልኝ ግን መሪ አልጨበጥኩም።

ሸማኔው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ቁርጭምጭሚቴን በመቀነት ጥርቅም አድርጌ አሰርኩና የሽመናዬ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። ከጉልበት ሲረገጥ ይሠራል፣ ዝግ ይላል እንጂ። ጉልበቴ ከጠርዙ ጋር ስለሚጋጭ ጉድጓዱን አንድ ስንዝር ማስፋት ሳይኖርብኝ አይቀርም። ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፤ የታችኛው መገጣጠሚያም ይዘጋል ወይ የሚለውን ጥያቄ ይዤ ነው የምገባው።