«አዘንኩለት» ወይስ «አዘንኩበት»? ስለ ክፉ የጌም ጓዶች

ሌሊት ተጫዋች፦
አንድ ቃል ጠፍቶብኛል፣ አፋልጉኝ። ሮል ፕሌይንግ ጌም (አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነህ ታሪኩን በምርጫህ የምትመራበት ጨዋታ) ውስጥ አብረውን የሚጓዙ ክፉ ጓዶች አሉ አይደል? ሲገድሉና ሲከዱ ኖረው መጨረሻ ላይ የሚለወጡ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን «ሪደምሽን» ይሉታል። እኔ «ቤዛነት» ብዬ ብጽፍ ጓደኛዬ ሳቀብኝ። ምን ልበል? ደግሞስ ይገባቸዋል ወይ?

ቃል ለቃሚ፦
ጓደኛህ ያለ ምክንያት አልሳቀም። ቤዛ በሌላው ፈንታ የሚከፈል ነው። የሚከፈልለት ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ። አንተ የምትለው ራሱ ሰውዬው ሲለወጥ ነው። ለዚያ «ንስሐ» አለልህ። ለጌም ከበደኝ ካልክ «ልብ ገዛ» በል። እኔ ይህቺን አባባል እወዳታለሁ። ሰጡት አይደለም የምትለው፣ ገዛ ነው።

ስለ ማዘኑ ደግሞ ሁለት ፊደል ልብ በል። አዘንኩለት። አዘንኩበት። ግሡ አንድ ነው። በ«ለ» ስትለው የደረሰበትን እያየህ ነው፤ በ«በ» ስትለው የሠራውን። ክፉ ጓድ ማለት እኮ ሁለቱም ባንድ ጊዜ የሚገቡበት ሰው ነው።

ሌሊት ተጫዋች፦
አቦ፣ አስታሪዮንን ነው የገለጽከው! በ2023 በወጣው ባልደርስ ጌት 3 ውስጥ ያለው ቫምፓየር። ለ200 ዓመት ገደማ ካዛዶር የሚባል የሌላ ቫምፓየር ባሪያ ነበር። እየተሠቃየ፣ ግን ደግሞ ሰው እያታለለ ለጌታው እያመጣ። መጨረሻ ላይ 7,000 ነፍስ ሠውቶ ጌታው ለራሱ ያሰበውን ኃይል መውሰድ ይችላል። «ተው» ብለህ ካሳመንከው ይተወዋል። ያኔ ካዛዶርን ወግቶ ወግቶ ሲያለቅስ አንጀቴን በላው። ይቅር አልኩት።

ሰዋስው ወዳጅ፦
ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ልግባ። (ይኸው፣ እኔም በ«ይቅርታ» ጀመርኩ።)

«አንጀቴን በላው» ስትል ባለቤቱ ማን እንደሆነ አስተውል። የበላው እሱ፣ የተበላኸው አንተ። ፈልገህ ያደረግኸው ነገር የለም፤ በአንተ ላይ የደረሰ ነገር ነው። ስለዚህ አንጀታችንን ለበላ ሁሉ ማዘናችን አያስወቅሰንም። ጥሩ ጸሐፊና ጥሩ ተዋናይ ካገኘ ማንም ይበላዋል።

«ይቅር አልኩት» ግን ሌላ ነው። ቃሉ ከ«ቀረ» ነው፤ ዕዳው ይቅር፣ በቀሉ ይቅር። ይህን የሚለው የተወሰደበት ሰው ነው። አንተ ምን ተወሰደብህ? እዚያው ጌም ውስጥ፣ ካዛዶር ቤት እስር ክፍል፣ ሴባስቲያንን ታገኘዋለህ። አስታሪዮን አባብሎ ያመጣው ልጅ ነው። ይቅርታው የሱ ነበር። ተጫዋቹ የሰው ገንዘብ እየመጸወተ ነው።

ሌሊት ተጫዋች፦
ኧረ ልጄ! ታዲያ ማንም ምሕረት አያግኝ በለኛ።

ሰዋስው ወዳጅ፦
አላልኩም። መማርና ይቅር መባል ለየቅል ናቸው። የማረው ባለ ሥልጣን ሊሆን ይችላል፤ ጌም ውስጥ ሥልጣኑ ደግሞ ያንተ ነው። ባይዌር የተባለው ኩባንያ በ2009 ያወጣውን ድራገን ኤጅ፦ ኦሪጅንስ ውሰድ። ሎጌይን ንጉሡን ኦስታጋር በተባለ ጦር ሜዳ ላይ ከነሠራዊቱ ጥሎ የሄደ ሰው ነው። በመኳንንቱ ጉባኤ ተሸንፎ እጅህ ሲገባ ልትምረው ትችላለህ። ጓድህም ይሆናል። ግን ከማርከው ሌላው ጓድህ አሊስተር ጥሎህ ይሄዳል፤ ያ ጦር ሜዳ እንደ አባት የሚያየውን ሰው አሳጥቶታልና። ለሎጌይን «አዘንኩለት» ስትል አሊስተር «አዘንኩብህ» ይልሃል። ምሕረት ዋጋው ይህን ያህል የሚታይበት ጌም ብዙ አላውቅም። አብዛኞቹ በነጻ ነው የሚያስምሩህ፤ ሦስት ጥሩ መልስ መርጠህ፣ አንድ ስጦታ ሰጥተህ፣ አለቀ።

ቃል ለቃሚ፦
ቆይ፣ ሎጌይንን ስታነሣ የኔው ነገር ተገለበጠብኝ። በጌሙ ደንብ አርችዲመኑን (የመጨረሻውን ጠላት፣ ዘንዶውን) የገደለ ግሬይ ዋርደን አብሮ ይሞታል። ግሬይ ዋርደን ማለት ይህን ጠላት ሊዋጋ የተማለ ተዋጊ ነው፤ አንተ ነህ፣ ከማርከው ሎጌይንም ይሆናል። ሎጌይንን «አንተ ምታ» ካልከው ያን የመጨረሻ ምት እሱ ይመታልሃል። በአንተ ፈንታ! ይህ ቀጥ ያለ ቤዛ ነው። ንስሐ ገብቷል ወይ ብትለኝ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ኦስታጋር ላይ ያደረገውን ልክ ነበር እያለ ነው የሚከራከረው። ቤዛ ሆነ፣ ልብ ግን ገዛ ለማለት ያስቸግራል። አስታሪዮን ደግሞ ልብ ገዛ፣ ለማንም ቤዛ አልሆነም። እንግሊዝኛው ሁለቱንም ባንድ ከረጢት ነው የሚከታቸው። ሌሊት ተጫዋች፣ ለጓደኛህ ንገረው፤ ግማሹን ነው የሳቀው።

ሌሊት ተጫዋች፦
እነግረዋለሁ! አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። በ2003 የወጣው ናይትስ ኦፍ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ ላይ ያለው ኤችኬ-47፣ ሰውን ሁሉ «የሥጋ ከረጢት» እያለ የሚሳደበው ገዳይ ሮቦት። አይጸጸትም፣ አይለወጥም፣ አላዝንለትም፣ ግን ካለሱ አልጓዝም። ለዚህስ ቃል አለን?

ቃል ለቃሚ፦
«ይጥመኛል» በለው፣ ይበቃዋል። እሱ ልብ ይግዛ ብንል የት ያስቀምጠዋል?