የመኪና ወንበር ቡሎን ሲታሰር ቶርክ ሬንች ያስፈልጋል ወይስ በእጅ ማጥበቅ ይበቃል?

ባለ ቪትዝ (አዲስ አበባ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የጣለው ዝናብ መኪናዬ ወለል ውስጥ ገብቶ ምንጣፉ መሽተት ስለጀመረ የፊት ሁለቱን ወንበሮች ራሴ ፈትቼ አወጣኋቸው። ምንጣፉ ታጥቦ ደርቋል፤ የቀረኝ ወንበሮቹን መልሶ ማሰር ነው። እያንዳንዱ አራት ቡሎን አለው፣ ሁሉም በ14 ቡሶላ የሚፈቱ ናቸው። የሰፈራችን መካኒክ «ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው፣ ሌላ ምንም አያስፈልገውም» አለኝ። ሌሎች ደግሞ ያለ ቶርክ ሬንች (ቡሎን የሚጠብቅበትን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) እንዳትነኪው ይላሉ። መሣሪያው የለኝም፣ ለስምንት ቡሎን ብዬ መግዛቱም ከበደኝ። ልጄን የማመላልስበት መኪና ስለሆነ ግን በግምት መተው አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ባለ ጋራዥ፦
እህቴ፣ መካኒኩ የነገረሽ ስህተት አይደለም። ጋራዥ ውስጥ ቶርክ ሬንች የሚወጣው ለቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) እና ለሞተር ውስጥ ሥራ ነው፤ ለወንበር ብሎ የሚያወጣው ጥቂት ነው። ችግሩ ምክሩ የሚሠራው እጁ ለለመደ ሰው መሆኑ ነው። ላንቺ «ጥብቅ» ማለት ምን ያህል እንደሆነ በምን ታውቂዋለሽ?

እኔ ጋ የሚመጣው ብልሽት ከመላላት ይልቅ ከመጠን በላይ ከማጥበቅ የመጣ ነው። ቡሎኑ የሚገባበት ዳዶ ከወለሉ ላሜራ ጋር የተበየደ ነው። ጥርሱ ከተበላ እንደ ሌላው ዳዶ አውጥተሽ አትቀይሪውም፤ ምንጣፍ ማንሳት፣ ጥርስ እንደገና ማውጣት፣ አንዳንዴም ብየዳ ይመጣል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አራቱንም ቡሎን ያለ ቁልፍ፣ በጣትሽ ብቻ አስገቢ። በጣት ሦስት አራት ዙር ካልሄደ ጠሞ ገብቷልና አውጥተሽ እንደገና ጀምሪ። አንዱን አጥብቀሽ ጨርሰሽ ወደ ሌላው አትሂጂ። በአየር የሚሠራውን ማሰሪያ ደግሞ ማንም ቢያመጣልሽ እንዳትቀበዪ።

ከቨርጂኒያ፦
ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ በአንድ ነገር ብቻ አልስማማም። የለመደ እጅም የእጀታው ርዝመት ሲቀየር ይሳሳታል። ቁጥሩ እያለ ለምን በስሜት እንሄዳለን? በብዙ ቶዮታዎች የጥገና መመሪያ ላይ የፊት ወንበር ቡሎን ልክ 37 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ነው፣ ያሪስንም (ቪትዝ ውጭ ሀገር የተሸጠበት ስም) ጨምሮ። የደህንነት ቀበቶው የሚታሰርበት ቡሎን ደግሞ 42 ነው። የራስሽን መኪና ሞዴልና ዓመት መመሪያ አይተሽ አረጋግጪ፤ መኪናው ሌላ ከሆነ ቁጥሩም ሌላ ነው።

ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። የደህንነት ሕጎች የመኪና ወንበር በግጭት ጊዜ የራሱን ክብደት 20 እጥፍ እንዲቋቋም ያስገድዳሉ። ብዙ መኪና ላይ የቀበቶው መቆለፊያ የታሰረው ወንበሩ ላይ ነው፤ ጎንበስ ብለሽ እዪው። እንደዚያ ከሆነ የተቀመጠውን ሰው የሚይዘው ኃይል የሚያልፈው በእነዚሁ ቡሎኖች ነው። ለዚህ ነው የጠፋ ቡሎን ከመርካቶ በተገዛ ተራ ቡሎን አይተካም የምለው። የራሱን ወይም ከተመሳሳይ መኪና የወጣውን ከሶማሌ ተራ ፈልጊ።

ቶርክ ሬንች ለመዋስ ካሰብሽ የጎማ ዳዶ የሚያጠብቀውን ትልቁን አትውሰጂ። ብዙ ጊዜ ከ40 ኒውተን ሜትር ገደማ የሚጀምር ነው፣ የአንቺ 37 ከሥሩ ነው። እዚህ አሜሪካ የመለዋወጫ ሱቆች ገንዘብ አስይዘው ያውሱሃል፣ ስትመልስ ገንዘብህን ይመልሳሉ። አዲስ አበባ ላይ የሚያውስ ጋራዥ ካለ ሌሎች ይንገሯት።

ባለ ሚዛን፦
ቶርክ ሬንች ከጠፋ ሌላ መንገድ አለ፣ ብዙ ሰው ቤት የሚገኝ ነገር ነው፦ ከውጭ የሚመጣ ሰው ሻንጣ የሚመዝንበት ባለ መንጠቆ ሚዛን።

ቡሶላውን ከእጀታው ጋር ቡሎኑ ላይ አድርጊ። ከቡሶላው መሃል ጀምረሽ እጀታው ላይ 25 ሳንቲሜትር ለኪና በእርሳስ ምልክት አድርጊ። የሚዛኑን መንጠቆ እዚያ ምልክት ላይ አያይዘሽ ቀስ ብለሽ ሳቢ። ሚዛኑ 15 ኪሎ ሲያነብ ቡሎኑ ላይ ያረፈው 37 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ላይ አቁሚ። ሚዛኑና እጀታው ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራት አለባቸው፤ ወደ ጎን ካዘነበለ ሚዛኑ 15 ቢልም ቡሎኑ ጋ የሚደርሰው ያንሳል። እጀታሽ አጭር ከሆነና 20 ሳንቲሜትር ላይ ብቻ የሚያዝ ከሆነ 19 ኪሎ ድረስ ሳቢ።

ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ አጽጂው፣ ግን ዘይትም ግራሶም አትቀቢ። መመሪያው ሌላ ካላለ ልኩ የተሰጠው ለደረቅ ጥርስ ነው። ሲቀባ ሰበቃው ስለሚቀንስ በዚያው ቁጥር ቡሎኑ ከሚገባው በላይ ይወጠራል።

ከቨርጂኒያ፦
ይሄ ግሩም ነው፣ ሂሳቡም ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ወንበሩ ሥር ቢጫ ሶኬት ካለ የኤርባግ ነው። ከመቀጠልሽ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀዪና ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቂ፤ የቶዮታ መመሪያ የሚለው ይሄን ነው። ሁሉም ሶኬት ሳይገባ የሞተር ማስነሻውን ቁልፍ ከከፈትሽ የኤርባግ መብራት በርቶ ሊቀር ይችላል፣ ያኔ በኮምፒውተር ማስጠፋት ነው።

ባለ ቪትዝ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሾፌሩን ወንበር በሚዛኑ አስሬዋለሁ። 15 ኪሎ ላይ ስደርስ የገረመኝ እኔ በራሴ ብሆን ኖሮ ገና እቀጥል ነበር። የጋቢናው ወንበር ላይ ግን ከኋላ በውስጥ በኩል ያለው ቡሎን በጣት አልይዝ አለኝ። ሦስቱ ገብተዋል። በቁልፍ ገፋ ላድርገው?

ባለ ጋራዥ፦
በፍጹም! ሦስቱንም እንዲንቀሳቀሱ አድርገሽ አላሊያቸው። ወንበሩ ወጥቶ ሳለ ማንሸራተቻው ተነክቶ ከሆነ አንዱ ሐዲድ ከሌላው ቀድሞ ይሆናል፣ ያኔ ቀዳዳው አይገጥምም። ማንሸራተቻውን ስበሽ ሁለቱንም ሐዲድ እኩል አድርጊ፣ ስትለቂው በሁለቱም በኩል «ቀጭ» ማለት አለበት። በባትሪ አብርተሽም እዪ፣ የታጠበው ምንጣፍ ቀዳዳውን ሸፍኖት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ቡሎኑን ቀዳዳው ላይ አስቀምጠሽ መጀመሪያ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ቀስ ብለሽ አዙሪው። ጥርሱ ከጥርሱ ሲገናኝ ትንሽ ጠብ ሲል በጣትሽ ይሰማሻል። ያኔ ነው ወደ ማጥበቂያው የምትመልሺው።

አራቱም ከገቡ በኋላ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍተሽ የፊት ሁለቱን እሰሪ፣ ከውስጥ በኩል ካለው ጀምረሽ። ቀጥሎ ወደ ፊት ስበሽ የኋላ ሁለቱን እንዲሁ። ጥቂት ቀን ከነዳሽው በኋላ በዚያው ሚዛን አንዴ ደግመሽ ፈትሺያቸው፤ 15 ኪሎ ላይ ካልተንቀሳቀሱ አትንኪያቸው።