የሚጥል በሽታውን ጥቃት ሐኪሞቹ ራሳቸው ለምን ይቀሰቅሱበታል?

ታላቅ እህቱ፦
ታናሽ ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለበት። በየተራ የታዘዙለት መድኃኒቶች ጥቃቱን አላቆሙለትም፤ የኤምአርአይ ምስሉም ምንም ጠባሳ አላሳየም። ስለዚህ የጥቃቱን መነሻ ቆርጦ ለማውጣት ከታሰበው ቀዶ ጥገና በፊት፣ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግቡ ቀጫጭን ሽቦዎች (ኤሌክትሮዶች) አንጎሉ ውስጥ ገብተው ለቀናት ክትትል እንደሚደረግለት፣ በመጨረሻም በእነዚያው ኤሌክትሮዶች ኤሌክትሪክ እየተላከ ጥቃቱን ለማስነሣት እንደሚሞከር ነገሩን። እንዳይመጣበት ስንጸልይ የኖርነውን ነገር ሐኪም ሆን ብሎ መቀስቀሱ ከብዶኛል። በራሱ ጊዜ እስኪመጣ ጠብቆ መመዝገቡ አይበቃም ወይ? ኮረንቲውስ አንጎሉን አይጎዳውም?

የነርቭ ሐኪም፦
ስጋትዎ ይገባኛል። በራሱ የሚመጣው ጥቃት ዋናው ማስረጃ ስለሆነ መጠበቁ አይቀርም። ችግሩ ኤሌክትሮድ የሚያየው በአጠገቡ ያለውን ብቻ መሆኑ ነው፤ ጥቃቱ ኤሌክትሮድ ካልገባበት ቦታ ተነሥቶ ወደ ተመዘገበበት ስፍራ ተዛምቶ እንደሆነ፣ መድረሻውን መነሻ ነው ብለን በቀዶ ጥገና ልናወጣው እንችላለን። በኤሌክትሪክ ስናነቃቃ ግን ጥያቄውን እናዞረዋለን፦ ይህን ነጥብ ብንነካው የእሱ የራሱ ጥቃት፣ በለመደው ምልክት ጀምሮ ይነሣል ወይ?

የሚላከው ጥቂት ሚሊአምፔር ብቻ ሲሆን፣ የሚያልፈውም በአንድ ኤሌክትሮድ ላይ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ነጥቦች መካከል ነው። በሰከንድ አንድ ጊዜ ከሆነ ለሃያ ሰከንዶች ያህልና ከዚያም በላይ፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ከሆነ ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ ይሰጣል። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም፤ መጠኑም ጉዳት እንዳያደርስ ተሰልቶ ከዝቅተኛው ይጀምራል። ይበልጥ አደጋ ያለው ኤሌክትሮዱን በማስገባቱ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ባያጋጥምም የደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ሊያስከትል ስለሚችል፣ እሱን በግልጽ ይጠይቋቸው።

ያለፈበት ታማሚ፦
እኔ ይህን ምርመራ አልፌበታለሁ። ቁጥር እንድቆጥር ተነገረኝ፤ 14 ላይ ስደርስ ቀጣዩን ባውቀውም አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ ኤሌክትሪኩ ሲቆም ወዲያው ቀጠልኩ። ያ ቦታ የንግግር በመሆኑ በቀዶ ጥገናው እንዳይነካ ተመዘገበ። ምርመራው የሚወጣውን ብቻ ሳይሆን መትረፍ ያለበትንም እንደሚለይ የተረዳሁት ያኔ ነው። በሌላ ኤሌክትሮድ ላይ ደግሞ ያ ከሆዴ ወደ ጉሮሮዬ የሚወጣው ስሜት መጣ፤ ክፍሉንም ከዚህ በፊት በሕልም ያየሁት መሰለኝ። «ይኼ የእኔው ነው» አልኩ። ሐኪሟም «ይመስላል ወይስ ራሱ ነው?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ።

በኢኢጂ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ በሚመዘግበው ምርመራ) ክፍል የምሠራ ባለሙያ፦
የሐኪሟ ጥያቄ የጉዳዩ ቁልፍ ነው። ጤነኛ የአንጎል ክፍልም በቂ ኤሌክትሪክ ከተላከበት ለጥቂት ሰከንዶች የጥቃት መሰል ሞገድ ሊያሳይ ይችላል፤ በተለይ ከማስታወስ ጋር የተያያዘው ሂፖካምፐስ በቀላሉ ይነሣሣል። ስለዚህ ታማሚው አሳልፎት የማያውቀው ዓይነት ጥቃት ቢቀሰቀስ የሚያሳስት እንጂ መነሻውን የሚያረጋግጥ አይደለም። ምንም ሳይነሣ ቢቀርም ቦታው ንጹሕ ነው አያሰኝም። የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ዊልደር ፔንፊልድ በካናዳ ሞንትሪያል፣ ንቁ ከሆነ ታማሚ ጋር እየተነጋገረ የአንጎሉን ገጽ ሲያነቃቃ የሚፈልገው ይህንኑ የተለመደ የማስጠንቀቂያ ስሜት ነበር። በፓሪስ ሐኪሞቹ ታሌራክና ባንኮ ኤሌክትሮዱን ወደ አንጎል ጥልቀት ካስገቡት ወዲህም ይህ መስፈርት አልተለወጠም።

ታላቅ እህቱ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እሱ ከመውደቁ በፊት ግራ እጁ ጠመም ብሎ ይደርቃል፤ ቀኝ እጁ ደግሞ የእግሩን ጉልበት ደጋግሞ ያሻል። ይህን መንገሩ ይጠቅማል?

የነርቭ ሐኪም፦
እጅግ ይጠቅማል። እንዲህ ያለው ምልክት ብዙ ጊዜ የሚጠቁመው ከደረቀው እጅ በተቃራኒ ያለውን የአንጎል ጎን፣ ማለትም በእሱ ቀኙን፣ በተለይም በጆሮ በኩል ያለውን ክፍል ነው። በምርመራው ቀን የሚቀሰቀሰው ጥቃት የሚመዘነው ከዚህ ጋር ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች በስልክዎ ቀርጸው አስቀድመው ለሐኪሞቹ ይስጡ። ሲነቃም መጀመሪያ ምን እንደተሰማው ጠይቀው፣ ሳያርሙና ሳያሳምሩ በራሱ ቃል ይጻፉት፤ «ሆዴን» ካለ «ሆዴን» ብለው።