የመንገድ ጨው ሞተሬን እየበላው ነው፤ ምን ልቀባት? የትስ ላስቀምጣት?

ማሂ 125፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ሆስፒታል ነው የምሠራው፤ የሌሊት ተራ ሲደርሰኝ ባቡር መጠበቅ ስለሰለቸኝ 125 ሲሲ ሆንዳ ገዛሁ። (የሞተር መንጃ ፈቃድ የለኝም። እዚህ ጀርመን ዕድሜያችሁ 25 ከሞላና የመኪና መንጃ ፈቃድ ከያዛችሁ 5 ዓመት ካለፈ፣ አጭር ሥልጠና ወስዳችሁ ቤ 196 የሚባለውን ታስጽፋላችሁ። የማያውቅ ካለ ብዬ ነው።)

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አምና በረዶውንም ብርዱንም ሙሉ ነዳኋት። ሚያዝያ ላይ በደንብ ሳያት ደነገጥኩ። የብሎኖቹ አናት ዝጓል። የሞተሩ አሉሚኒየም ላይ ቀለሙ ተነፋፍቷል፤ ፈቅፈቅ ሳደርገው ሥሩ ነጭ ነገር አለው። ማርሚታው ብየዳው ጋ መላላጥ ጀምሯል። የፊት አሞርዛተሩ ዘንግ ላይም ትንንሽ ጠቃጠቆ አየሁ። ጋራዥ ስወስዳት ልጁ ትከሻውን ሰበቀና «ጨው ነው» ብሎኝ አረፈ፤ ሒሳቡን ግን አልረሳም።

ዘንድሮ ብርዱ ሳይጠና ምን ልቀባት? ከሥራ ስመለስ በሙቅ ውሃ እጠቢያት የሚሉኝ አሉ፣ እውነት ነው? ሌላው ደግሞ ታኅሣሥ ላይ አገር ቤት እገባለሁ። ቁልቢ ገብርኤልን አንግሼ፣ ገናንም ጥምቀትንም ከእናቴ ጋር አሳልፌ ነው የምመለሰው። እስከዚያ የት ትቀመጥ? ከሕንፃው ሥር ሞቅ ያለ የመኪና ማቆሚያ አለ። ግቢው ውስጥ ደግሞ ጣሪያ ብቻ ያለው ክፍት ቦታ አለ። ጓደኛዬ በየሳምንቱ እየመጣሁ አስነሳልሻለሁ ብላለች።

ካቴና ከስቶክሆልም፦
ማሂ ሰላም። በሙቅ ውሃው ልጀምር። በቀዝቃዛ ነው የሚታጠበው! ጨው በቀዝቃዛ ውሃም በደንብ ይሟሟል፣ ሙቀት ደግሞ ዝገትን ያፋጥናል። ገና ጨው ያለበትን ብረት አሙቀሽ ወደ ቤት ማስገባት ማለት ዝገቱን ሥራ ማስጀመር ነው። መጀመሪያ ያለ ሳሙና፣ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በተለይ ከሥር። ጨዉ ከለቀቀ በኋላ በለብታ ውሃና በሳሙና ብታጥቢያት ግድ የለም።

ብረት ውሃና አየር ካገኘ ይዝጋል። ጨው ሲጨመርበት ውሃው ኤሌክትሪክ በደንብ ስለሚያስተላልፍ ዝገቱ ይፈጥናል። ያ ነጭ ነገር የአሉሚኒየም ዝገት ነው። አሉሚኒየም በራሱ ላይ ስስ መከላከያ ሽፋን ይሠራል፣ ከጨው የሚመጣው ክሎራይድ ግን ይበሳዋል። ከፊትሽ ካለው መኪና የተፈናጠረ ጠጠር ቀለሙን ሲልጠው ጨዋማው ውሃ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ከቀለሙ ሥር ይንሸራሸራል፣ ቀለሙ ይነፋል። በጣም የሚያናድደው ደግሞ የብሎኑ ጉዳይ ነው። ብረት ብሎን አሉሚኒየም ውስጥ ታስሮ ጨው ውሃ ሲነካው ሁለቱ ብረቶች ባትሪ ይሆናሉ፣ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ከዓመታት በኋላ ብሎኑ ልፍታህ ስትይው ጥርሱን ይዞ ይወጣል ወይ አንገቱ ላይ ይቆረጣል። አይዝጌ ብረት ብሎን ብትቀይሪም ከዚህ አትድኚም፣ እንዲያውም ሊብስ ይችላል። መድኃኒቱ ብሎኑ በተፈታ ቁጥር ጥርሱ ላይ እንዳይነክስ የሚደረገውን ቅባት መቀባት ነው። ሲቀባ ስለሚንሸራተት በጉልበት አታጥብቂው።

ስለ መቀቢያው፦ እዚህ የምንነዳ ሰዎች በብዛት ኤሲኤፍ 50 ነው የምንጠቀመው። ለአውሮፕላን ተብሎ የተሠራ ነው፣ ስስ ሆኖ በየስንጥቁ ይገባል፣ ውሃውን ገፍቶ እሱ ይቀመጣል። አቧራ ስለሚይዝ ሞተርሽ ውበቷ ይጠፋል፣ ያንን ቻይው። ስኮትኦይለር ኤፍኤስ 365 የሚባለው ደግሞ ለመርጨት ይቀላል፣ ግን ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ መደገም አለበት። ከበግ ፀጉር የሚወጣ ላኖሊን ያለባቸውም ጥሩ ናቸው፤ ትንሽ ይሸታሉ። ደብሊው ዲ 40ን ብዙ ሰው ለዚህ ይረጫል። በ1953 አሜሪካ ውስጥ የተፈለሰፈው ውሃን ለማባረር ነው፣ ያንን ይሠራል፣ ለሙሉ ወቅት ግን አይቆይም።

የትኛውንም ብትመርጪ ንጹሕና ደረቅ አካል ላይ ነው የሚቀባው። ጨው ላይ ከቀባሽው ጨዉን አሽገሽ አስቀመጥሽው ማለት ነው። ፍሬን አካባቢ አትርጪ፤ ጨርቅ ላይ አድርገሽ በጨርቁ ቀቢ። ዲስክ፣ የፍሬን ሸራ፣ ጎማና የእግር መርገጫ እንዳይነካ። ዲስኩን ከነካው በፍሬን ማጽጃ እስኪለቅ ድረስ ጥረጊው። የአሞርዛተሩን ዘንግ ግን አደራ። ጠቃጠቆው ከበዛ የዘይት ማተሚያ ጎማውን ይቀደዋል፣ ከዚያ ዘይቱ ወርዶ ወርዶ ፍሬን ላይ ይደርሳል። ዘንጉን በየጉዞው መጨረሻ ጠርገሽ ስስ ቅባት አስነኪው።

ጋሽ ብሎን፦
ልጄ እንደምን አለሽ። እኔ አዲስ አበባ ነው ጋራዤ። እኛ ጋ በረዶ ስለሌለ አስፋልት ላይ ጨው የሚበትን የለም፣ ጨው ግን እናውቃለን። ከአፍዴራ ጨው እየጫነ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሥሩን ገብተሽ ብታዪው የሚያሳዝን ነው። ዳዶውን በቁልፍ ብቻ አትፈቺውም፣ በእሳትና በመዶሻ ነው። ሾፌሮቹ ምን ያደርጋሉ መሰለሽ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሥሩን ሁሉ ይቀቡታል። በነጻ ነው የሚገኘው። ብዙ ዓመት አይቼዋለሁ፣ ይሠራል። እናንተ አውሮፕላን አውሮፕላን ትላላችሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በተቃጠለው ዘይት አልስማማም። ለጭነት መኪና ሻንሲ ይሁን። ሞተር ሳይክል ላይ ግን ዘይቱ ከኋላ ጎማ ያለው ርቀት አንድ ስንዝር ነው፣ ኩርባ ላይ ጎማው ቢነካው ሌላ ጉድ ነው። ደግሞ የተቃጠለ ዘይት አሲድና ብናኝ ብረት ሰብስቦ ነው የሚወጣው፣ እኛም የምንቀይረው ለዚያ ነው። ጀርመን አገር ደግሞ መሬት ላይ ዘይት ስታንጠባጥቢ ጎረቤት ካየሽ አለቀልሽ።

ማሂ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። «በረዶ ካልጣለ ጨው የለም» ብለሽ አትዘናጊ። እዚህ ሜሪላንድ በረዶ ይመጣል ከተባለ ቀደም ብለው ጨዋማ ውሃ አስፋልቱ ላይ ይረጫሉ፣ ሲደርቅ ነጭ መስመር መስመር ሆኖ ይታያል። ፀሐይ ወጥቶ፣ መንገዱ ደርቆ፣ አንቺ ጨው ላይ ነሽ። (አንዳንድ ግዛቶች የስኳር ቀይ ሥር ጭማቂ ይቀላቅሉበታል፣ መንገድ ላይ እንዲጣበቅ ነው አሉ። ሰላጣ ሊሠሩ የቀረ የለም።) ብርዱ ሲጠና ደግሞ ማግኒዚየም ክሎራይድ ወይም ካልሲየም ክሎራይድ የሚጠቀሙ አሉ፣ ምክንያቱም ተራው ጨው ከዜሮ በታች 9 ወይም 10 ዲግሪ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክማል። እነዚህ እርጥበት ከአየር ስለሚስቡ ብረቱ ላይ ቶሎ አይደርቁም። በረዶው ቀልጦ ካለቀ በኋላም ሁለት ሦስት ጠንካራ ዝናብ መንገዱን እስኪያጥበው ድረስ እጥበቱን አታቋርጪ።

ጓደኛሽን ደግሞ ስለ ደግነቷ አመስግኚያትና ቁልፉን አትስጫት። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይወጣዋል። ሞተሩ ለአምስት ደቂቃ ተነስቶ ሲጠፋ ማርሚታው በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ያ ውሃ እዚያው ይቀራል፣ ዘይቱም ውስጥ ይገባል። ማርሚታ ከውስጥ የሚበሰብሰው በዚህ ነው። ባትሪውም ለማስነሳት ያወጣውን መልሶ አይሞላም። ወይ በደንብ እስኪሞቅ ይነዳ፣ ወይ ጭራሽ አይነካ።

ማሂ 125፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አሁን ችግሬ ውሃ ነው። አፓርታማ ነው የምኖረው፣ የውሃ ጎማ የለኝም። ግቢ ውስጥ ማጠብ ክልክል ነው፣ ቆሻሻው ውሃ መሬት ውስጥ ይገባል ብለው። ሳንቲም እየከተቱ የሚያጥቡበት ቦታ አለ፣ ግን ያ ውሃ ግፊቱ ሰው ይጥላል። ደግሞ ማንም የምድር ቤቱን ጥያቄ አልመለሰልኝም።

ካቴና ከስቶክሆልም፦
ይቅርታ፣ ረስቼው ነው። ምድር ቤቱ ሙቅ ነው ካልሽ እኔ ግቢውን እመርጣለሁ። ሰው ሁሉ ሞቃት ቦታ ለሞተር ምቾት ይመስለዋል። ከሕንፃ ሥር ያለ ማቆሚያ ውስጥ ግን መኪኖቹ በሙሉ ጎማቸው ላይ በረዶና ጨው ይዘው ይገባሉ፣ እዚያ ይቀልጣል፣ ወለሉ የብርዱን ወቅት ሙሉ እርጥብ ነው፣ አየሩም አይንቀሳቀስም። ሙቀት፣ እርጥበት፣ ጨው በአንድ ክፍል። ውጪ ከዜሮ በታች ሲሆን ዝገት በጣም ይንቀረፈፋል። ንጹሕ፣ ደረቅና የተቀባች ሞተር ጣሪያ ሥር ነፋስ እያገኛት ብትቆም ይሻላታል። ምድር ቤቱ ደረቅ ከሆነና አየር ማስወጫው የሚሠራ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ወርደሽ ግድግዳውንና ቧንቧዎቹን እዪ። ላብ ካላቸው ተይው። ብቻ ግቢው ሲሆን ሌባ አለ፣ ሰንሰለት እሰሪባት፣ ሰንሰለቱም መሬት አይነካ።

ልብሷ ፕላስቲክ ከሆነ ጣይው። ፕላስቲክ ሸራ ከሥር የሚነሳውን እርጥበት ይዞ ያስቀምጣል፣ ጠዋት ስትገልጪው ውስጡ ውሃ ነው። አየር የሚያስወጣ ጨርቅ ግዢ። ሣር ወይም ምንጣፍ ላይም አታቁሚያት።

ለውሃው፦ የማጠቢያ ቦታው ጥሩ ነው፣ ግፊቱን ብቻ ከሩቅ አድርጊው። ወደ ጎማ ኩሽኔታ፣ ወደ ካቴናው (የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ሰንሰለት) ጎን፣ ወደ ኤሌክትሪክ ማገናኛዎች ቀጥ አድርገሽ አታነጣጥሪ፣ ግሪሱን አውጥቶ ጨው ውሃውን ያስገባልሻል። ሙቅ ውሃና አረፋ የሚለውን ቁልፍ ዝለይው፣ ቀዝቃዛውን ብቻ። በሥራ ቀን እዚያ መሄድ ካልተመቸሽ ለአትክልት መድኃኒት መርጫ የሚሸጠውን፣ እጅ እየተገፋ የሚረጨውን፣ አዲሱን ግዢና ንጹሕ ውሃ ብቻ ሙይው። ሳሙናም ዘይትም የለውም፣ ሆኖም ከጎረቤት ጋር እንዳትጣዪ የቤቱን ተቆጣጣሪ አስቀድመሽ ጠይቂ። የፊት ዲስኩን፣ የፍሬኑን ፒስተን ዙሪያ፣ ካቴናውንና የማርሚታውን አንገት ካጠብሽ ዋናውን ሠርተሻል።

ታርጋሽ የወቅት ነው ወይስ የዓመት? ጀርመን ያለ ወዳጄ የወቅት ታርጋ ነው ያለው፣ ከተጻፈው ወር ውጪ መንገድ ዳር ማቆም እንኳን አይፈቀድለትም።

ማሂ 125፦
የዓመት ነው፣ ተመስገን። ግቢውም የግል ነው።

ጋሽ ብሎን፦
እሺ፣ የተቃጠለውን ዘይት ተዉት ካላችሁ እተዋለሁ። በካቴና ግን አትከራከሩኝም። ካቴና በላምባ ነው የሚጸዳው፣ በቤንዚን አይደለም፤ ቤንዚን በየመገጣጠሚያው ያለችውን ቀለበት ጎማ ያደርቃታል። በለስላሳ ብሩሽ፣ ከዚያ በጨርቅ አድርቀሽ የማርሽ ዘይት ቁጥር 90 አስነኪው፣ ትርፉን ጥረጊው። ከነዳሽ በኋላ ገና ሞቅ እንዳለ ስትቀቢው ይገባል። ዛሬ አጥበሽ ነገ እቀባለሁ ካልሽ ጠዋት ቀይ ሆኖ ይጠብቅሻል።

ባትሪው ወጥቶ ቤት ይግባ። መጀመሪያ ነጌቲቩን ፍቺ፣ ስትመልሺ መጨረሻ እሰሪው። ከመሄድሽ በፊት ሙሉ ቻርጅ አድርጊው። ሙሉ የሆነ ባትሪ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ያሳይሻል፣ 12.4 ከደረሰ ቻርጅ ይፈልጋል። ባዶ ባትሪ በብርድ ይቀዘቅዝና ይፈነዳል፣ ሙሉው ግን አይቀዘቅዝም። ምሰሶዎቹን አጽድተሽ ቫዝሊን ቀቢ። ቫዝሊን መቼም ፍራንክፈርትም አለ።

ዘይቱ ከቆየ ሳትሄጂ ቀይሪው፣ አሮጌ ዘይት ውስጥ ያለው አሲድና እርጥበት ሞተሩ ውስጥ ቆሞ አይጠብቅሽ። ሰልባትዮው በቤንዚን ይሞላ፤ ጎደሎ ከሆነ ባዶው ቦታ ላይ እርጥበት ይጠራቀምና ከውስጥ ይዝጋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
በዚህ እንስማማለን ጋሼ። ማሂ፣ ጀርመን ማደያ ኢ10 እና ኢ5 አለ አይደል? ለማስቀመጥ ኤታኖሉ (አልኮሉ) ያነሰውን ኢ5ን ሙይ፣ ኤታኖል ውሃ ይስባል። ለዚህች አጭር ጊዜ ሌላ ማቆያ ኬሚካል መግዛት አያስፈልግሽም። ያንቺ ሆንዳ ካርቡራተር ከሆነች ግን ቤንዚኑን ከካርቡራተሩ አስፈስሺ።

ዱባይ ላይ ያለው፦
እኛ ጋ ተቃራኒው ነው፣ የምናስቀምጠው በበጋው ሙቀት ነው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ማን ይነዳል። በረዶ የለም፣ ግን የባሕሩ አየር ራሱ ጨው ነው፣ እርጥበቱም ሌሊት ላይ ብረቱን ያረጥበዋል። የቁልፍ ቀዳዳዎቹን አትርሺ ለማለት ነው የገባሁት። ሰው ሁሉ ማርሚታ ማርሚታ ሲል የማስነሻው ቁልፍ ቀዳዳ ይደርቅና ቁልፉ ውስጥ ይሰበራል። ስስ ቅባት ጠብ አድርጊበት። የፍሬንና የፍሪሲዮን ማንሻው መዞሪያ ላይም።

ማሂ 125፦
በቃ ቅዳሜ እጀምራለሁ። ኤሲኤፉን አዝዣለሁ፣ ላምባ እዚህ ምን ተብሎ እንደሚሸጥ ለማወቅ ግን ሰው ልጠይቅ ነው። ስመለስስ? ዝም ብዬ አስነስቼ ሥራ ልሂድ?

ካቴና ከስቶክሆልም፦
አይ። ጎማውን ንፊ፣ ቆሞ ይጎድላል። የፊት ዲስኩ ላይ ስስ ዝገት ታያለሽ፣ አትደንግጪ፣ ግቢ ውስጥ በእርጋታ ደጋግመሽ ስትይዢው ይጠረጋል። ከዚያ ሞተሯን በእጅሽ ግፊያት። ፍሬኑን ከለቀቅሽ በኋላ የፊት ጎማው እየከበደ የሚዞር ከሆነ ፒስተኑ ተጣብቋል፣ ሳይጸዳ አትንጂ። የፍሬን ዘይቱ ከተቀየረ 2 ዓመት አልፎት ከሆነ አብረሽ አስቀይሪው። ላምባው እዚያ ፔትሮሊየም ነው የሚሉት፣ የመብራት ዘይት ከሚሸጡበት መደርደሪያ ላይ ፈልጊው፤ ሽቶ ያለበትን ግን አትግዢ።