የተማሪዎችን ሊስት በውጤት መደርደር (በጃቫ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ)

ጀማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስምና አማካይ ውጤት የሚይዝ "ተማሪ" የሚባል ክላስ (የዳታ ዓይነት) አለኝ። ውጤቱ ደብል (ነጥብ ያለው ቁጥር) ነው። ሊስቱን ከትልቅ ወደ ትንሽ መደርደር ፈልጌ የጃቫን መደርደሪያ ኮሌክሽንስ ሶርትን ብጠራው ኮምፓይለሩ (ኮዱን የሚተረጉመው ፕሮግራም) እምቢ አለኝ። ከዚያ የሁለቱን ውጤት ቀንሶ ልዩነቱን ወደ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) የሚቀይር ኮምፓሬተር (ሁለቱን የሚያወዳድር ኮድ) ጻፍኩ። አሁን ይሠራል፤ ግን አንዳንዴ 84.2 ያለው ከ84.7 በላይ ይወጣል። ውጤታቸው እኩል የሆኑትን ደግሞ በስም መደርደር እፈልጋለሁ። እባካችሁ እርዱኝ።

ሰማያዊ፦
ተማሪ ከተማሪ በምን እንደሚበልጥ ጃቫ በራሱ አያውቅም። በስም ነው? በውጤት? ክላስህ ኮምፓረብልን (የራሱን ማወዳደሪያ የሚያሳውቅበትን) ካልተገበረ መስፈርቱን አንተ ትሰጠዋለህ። ኮምፓይለሩ እምቢ ያለው ለዚህ ነው።

የ84ቱ ጉዳይ ከመቀነሱ የመጣ ነው። ልዩነቱ 0.5 ነው። ወደ ኢንት ሲቀየር ከነጥብ በኋላ ያለው ይቆረጥና 0 ይሆናል። ለኮምፓሬተር 0 ማለት "እኩል ናቸው" ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሊስቱ ውስጥ በገቡበት ቅደም ተከተል ይቀራሉ። በመቀነስ ፈንታ የደብልን ኮምፔር ሜተድ (የማወዳደሪያ ተግባር) ተጠቀም።

ሌሊት ኮደር፦
ሰማያዊ ልክ ነው። ኢንት ለኢንት ቢሆንም አትቀንሱ። የኢንት ጣሪያ 2,147,483,647 ነው። ከትልቅ ፖዘቲቭ ላይ ትልቅ ኔጋቲቭ ስትቀንሱ ቁጥሩ ጣሪያውን ያልፍና ምልክቱ ይገለበጣል። በትንንሽ ቁጥር ስትሞክሩት ምንም አይታይም፤ ይህ ነው ክፋቱ።

አናጺ፦
በ2014 ከወጣው ጃቫ 8 ወዲህ ይህን ሁሉ በአንድ መስመር መጻፍ ይቻላል። ኮምፓሪንግ ደብል በውጤት፣ ቀጥሎ ሪቨርስድ (ቅደም ተከተሉን የሚገለብጠው)፣ ቀጥሎ ዜን ኮምፓሪንግ (እኩል ሲሆኑ የሚታየው ቀጣይ መስፈርት) በስም። ቅደም ተከተሉን ጠብቅ! ሪቨርስድን መጨረሻ ላይ ካደረግከው ስሙንም ይገለብጠዋል።

ጀማሪ፦
አመሰግናለሁ! ግን ላምዳ (ስም የሌለው አጭር ተግባር) ተጠቅሜ ሪቨርስድ ስጨምርበት ኮምፓይለሩ የጌት ውጤት ሜተዱን አላገኘሁትም ይላል።

አናጺ፦
ሪቨርስድ ሲከተለው ኮምፓይለሩ የላምዳውን ታይፕ መገመት ያቅተዋል። ወይ ላምዳው ውስጥ ታይፑ ተማሪ መሆኑን ጻፍለት፣ ወይ በላምዳው ፈንታ ሜተድ ሪፈረንስ (ሜተዱን በክላሱና በስሙ መጥቀስ) ስጠው።

ሰማያዊ፦
አንድ ልጨምር። ይህንኑ ኮምፓሬተር ለትሪሴት (ደርድሮ የሚይዝና ድግግሞሽ የማይቀበል ስብስብ) ብትሰጠው ስማቸውም ውጤታቸውም አንድ ከሆኑ ሁለት ተማሪዎች አንዱን ብቻ ያስቀራል፤ ስህተትም አያሳይም። መታወቂያ ቁጥር ካላቸው እሱን የመጨረሻ መስፈርት አድርገው።

ጀማሪ፦
በሜተድ ሪፈረንስ ሠራ። መታወቂያውንም ጨመርኩበት።